የሰፈር ልጅ ምስክርነት፦ «ኢልማቲክ»ን ከመንዝ ደጋ ሆኖ ማዳመጥ

(ለመምህራን፣ ለተማሪዎችና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ተገልብጦ በተናጋሪው የታረመ)

ንግግሬን በአንድ ጥፋት እጀምራለሁ። ጥፋቱ የራሴ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የመመረቂያ ጽሑፉን እንዳማክር የተመደበልኝ አንድ ተማሪ ወደ ቢሮዬ መጣ። ወላጆቹ ከግሼ የወጡ ናቸው፤ እርሱ ግን ያደገው አዲስ አበባ፣ መርካቶ አካባቢ ነው። የያዘው ባለ ሦስት ገጽ የጥናት ዕቅድ ናስ በሚል ስም የሚታወቀው አሜሪካዊ ራፐር እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣውን «ኢልማቲክ» የተሰኘ አልበም የሚመለከት ነበር። አልበሙ በአንድ አስቸጋሪ ሰፈር ስለ ማደግ እንደሚናገር፣ እርሱም ባዳመጠው ቁጥር የገዛ ሰፈሩን እንደሚሰማበት ጽፏል። እኔ ዕቅዱን እስከ መጨረሻው እንኳ ሳላነብ «ልጄ፣ ይህ ዘፈን ነው፤ እኛ የምናጠናው ሥነ ጽሑፍ ነው» ብዬ መለስሁለት። በምትኩ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንዲያጠና መከርሁት። ታዛዥ ልጅ ነበር፤ አጠና፤ ጥሩ ውጤትም አገኘ። በተመረቀ ዕለት ሊሰናበተኝ መጥቶ እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፣ ስለ ማንኩሳ አርባ ገጽ ጻፍሁ። ስላደግሁበት ሰፈር ግን አንድ መስመር ሳልጽፍ ወጣሁ።»

ይህን የተናገረው በቂም አልነበረም። እንዲያውም ፈገግ ብሎ ነበር። ለእኔ ግን ነገሩ ከረመብኝ። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ የሚጀምረው ሰውን በማስተዋወቅ አይደለም፤ ቦታን በማስተዋወቅ ነው። ማንኩሳ ምን ዓይነት አገር እንደሆነች ካላወቅን በዛብህን አናውቀውም። ታዲያ ቦታ ሰውን እንደሚሠራ በልቦለዱ እያስተማርሁ፣ ስለ ገዛ ቦታው ሊናገር የመጣውን ልጅ ለምን መለስሁት? ዛሬ የማቀርብላችሁ ያን ዕለት ልሰጠው ይገባኝ የነበረውን መልስ ነው።

አልበሙ

አልበሙን ያዳመጥሁት ተማሪው ከተመረቀ በኋላ ነው። የእኔ እንግሊዝኛ የመጽሐፍ እንግሊዝኛ በመሆኑ መጀመሪያ ላይ ከግማሽ የሚበልጠው አመለጠኝ። ቃላቱን በጽሑፍ ይዤ ደግሜ ደጋግሜ አዳመጥሁ። ሙሉ አልበሙ ዐሥር ክፍሎች ብቻ ያሉትና አርባ ደቂቃ የማይሞላ ነው፤ እኔን ግን ሳምንታት ወሰደብኝ።

ናሲር ጆንስ ያደገው በኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ በተባለው ክፍል፣ ኩዊንስብሪጅ በሚባል የመንግሥት መኖሪያ ሰፈር ነው። ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የተገነባና ከሦስት ሺህ በላይ መኖሪያ ቤቶች ያሉት ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ካሉት የመንግሥት መኖሪያ ሰፈሮች ሁሉ ትልቁ እንደሆነ ይነገርለታል። ሲገነባ ለሠራተኛው ሕዝብ የተሻለ ኑሮ ታስቦ ነበር። በ1980ዎቹ ግን ክራክ የተባለው አደንዛዥ ዕፅ እንደ ሌሎቹ የአሜሪካ ከተሞች ድኻ ሰፈሮች ሁሉ ይህንንም ሰፈር መታው። ናሲር ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን አቋረጠ። በ1992 ጎረቤቱና የልብ ጓደኛው የነበረ ወጣት በጥይት ተገደለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1994 በሚያዝያ ወር፣ አልበሙ ወጣ። ደራሲው ገና ሃያ ዓመቱ ነበር።

እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ቀድሞ ዓይኔን የሳበው አወቃቀሩ ነው። በሽፋኑ ላይ የምናየው የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ነው፤ ልጁ ራሱ ናስ ነው፤ ከፊቱ ላይ የሰፈሩ መንገድና ሕንፃዎች ተደርበው ይታያሉ። ልጁን ከሰፈሩ፣ ሰፈሩን ከልጁ መለየት አይቻልም። የሸክላው ሁለት ገጾች ደግሞ «አንደኛ» እና «ሁለተኛ» አልተባሉም። አንዱ በሰፈሩ አርባኛው መንገድ፣ ሌላው በአርባ አንደኛው መንገድ ተሰይሟል። አድማጩ ሸክላውን በገለበጠ ቁጥር መንገድ ይሻገራል ማለት ነው። እኛ የመንዝ ሰዎች ይህ አይገርመንም። «የየት ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ መንዜ «መንዝ» ብሎ ብቻ አያበቃም፤ የማማ ምድር፣ የላሎ ምድር ወይም የጌራ ምድር መሆኑን ይለያል። ለውጭ ሰው አንድ የሆነው ደጋ ለአገሬው ሦስት ነው።

ከዐሥሩ ክፍሎች መካከል አንዱ በደብዳቤ መልክ የተጻፈ ነው። ተራኪው እስር ቤት ላሉ ጓደኞቹ የሰፈሩን ወሬ ይነግራል፦ ማን ምን እንደሆነ፣ ማን እንደ ከዳ፣ ማን እንደ ሞተ። በመጨረሻው አንጓ ከዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ጋር ያደረገውን ንግግር ይተርካል። ልጁ ገና በዚያ ዕድሜው የትልልቆቹን መንገድ ጀምሯል። ተራኪው ሊመክረው ይሞክራል፤ ምክሩ ግን ራሱ ከዚያው ሰፈር የወጣ፣ በዚያው ሰፈር ቋንቋ የተነገረ ምክር ነው። በሌላኛው ክፍል መጨረሻ ላይ የጃዝ ሙዚቀኛ የሆነው አባቱ ኦሉ ዳራ ጥሩንባውን ይነፋል። ልጁ ስለ ዕድሜ አጭርነት ሲናገር ቆይቶ ዝም ሲል አባት ያለ ቃል ይቀጥላል። አንድ ሌላ ክፍል ደግሞ ስለ ትዝታ ነው፤ ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ እንደ ሽማግሌ ያለፈውን ይቆጥራል። ትዝታ ከቅኝቶቻችን የአንዱ ስም በሆነበት አገር ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም።

ይህ አልበም ዛሬ እንግዳ የጥናት ርእስ አይደለም። በ2010 በማይክል ኤሪክ ዳይሰንና በሶሃይል ዳውላትዛይ አዘጋጅነት ምሁራን እያንዳንዱን ክፍል በተናጠል የተነተኑበት መጽሐፍ ታትሟል። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በ2013 በናሲር ጆንስ ስም የሂፕ ሆፕ ጥናት ድጋፍ አቋቁሟል። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትም አልበሙን በቅርስነት ከሚጠበቁ የድምፅ ቅጂዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። ይህን የምጠቅሰው «እነርሱ ካከበሩት እኛም እናክብረው» ለማለት አይደለም። እኔ ያን ተማሪ ስመልስ የማላውቀውን ነገር ንቄ እንደነበር ለመናዘዝ ነው።

የወንድሜ ደብዳቤዎች

ያን በደብዳቤ መልክ የተጻፈ ክፍል ባዳመጥሁ ጊዜ ያሰብሁት ኒው ዮርክን አልነበረም። ያሰብሁት መሐል ሜዳ አጠገብ ያለውን የአባቴን ቤት ነው። ታላቅ ወንድሜ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ተነሥቶ አዲስ አበባ ወረደ። ገብሱን ውርጭ መትቶት ነበር፤ በግ የተሸጠውም ለዘር መግዣ እንጂ ለደብተር አልበቃም። መርካቶ ሸክም ተሸክሞ ይኖር ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ደብዳቤ ይልካል። አባቴ ማንበብ ስለማይችል የማነበው እኔ ነበርሁ። ያኔ ዐሥር ዓመት ቢሞላኝ ነው። ቤተሰቡ ምድጃውን ከቦ፣ እናቴ ባናዋን ተከናንባ፣ እኔ በኩራዝ ብርሃን እያነበብሁ ያሳለፍናቸው ምሽቶች የመጀመሪያዎቹ የሥነ ጽሑፍ ትምህርቶቼ ናቸው።

ደብዳቤዎቹ ሁሉ የሚጀምሩት በአንድ ዓይነት ቃል ነበር፤ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ደኅንነት አልነበረም። እገሌ ታስሯል፤ የእገሌ ልጅ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ አብሮኝ የሚያድረው ልጅ አገር ቤት ሊገባ አስቧል፤ ለእናቱ ግን አትንገሩ። አባቴ «ደኅና ነው» የሚለውን ሰምቶ ያመሰግናል። እናቴ ግን «እስቲ ያችን መልሰህ አንብባት» ትለኝ ነበር። አባቴ ሰሙን ሲሰማ እናቴ ወርቁን ትሰማ ነበር።

ወንድሜ ዛሬ በሕይወት አለ፤ ስለዚያ ዘመን ግን አያወራም። ያ ዘመኑ የተመዘገበው በእነዚያ ደብዳቤዎች ብቻ ነበር፤ እነርሱም ጣራው ሲያፈስ በስብሰው ጠፉ። ስለዚህ አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ሰፈሩን ሳይጠፋበት በአርባ ደቂቃ ውስጥ መዝግቦ ማስቀረቱ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

«ሰፈር» የሚለው ቃል

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ። «ሰፈር» የምንለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ጦር ጉዞውን አቁሞ ድንኳን ሲተክል ሰፈረ ይባላል። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1886 ስትቆረቆር የተሠራችው በዚህ መንገድ ነው፤ እያንዳንዱ መኳንንት ከነጭፍራው በተመራው ቦታ ሰፈረ፤ ቦታውም በስሙ ተጠራ። የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ የራስ ብሩ ሰፈር፣ የደጃች ውቤ ሰፈር እንዲህ ተወለዱ። ሠራተኛ ሰፈር ደግሞ በባለ እጆች ሥራ ተጠራ። የከተማይቱ ሰፈሮች ከመንደርነታቸው በፊት የጦር ሰፈር ነበሩ ማለት ነው።

የእነዚህ ሰፈሮች ሰዎች ከየት መጡ ብለን ብንጠይቅ ከመልሶቹ አንዱ ወደዚሁ ደጋ ይመልሰናል። አዲስ አበባን የመሠረተው የሸዋ ሥርወ መንግሥት በዐሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ግድም በነጋሢ ክርስቶስ የተጀመረው ከመንዝ ተነሥቶ ነው። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ወርዶ በከተማ መስፈር እንግዲህ በወንድሜ ዘመን የተጀመረ ነገር አይደለም፤ የተለወጠው የሰፋሪው ዕጣ ነው። ቀድሞ ጋሻ ይዞ የሰፈረው በኋላ ጆንያ ተሸክሞ ሰፈረ።

ሰፈር ደግሞ ባሕርይም ይሆናል። አራዳ መጀመሪያ የቦታ ስም ነበር፤ የቀድሞው ገበያ የነበረበት፣ የጊዮርጊስ ዙሪያ። ዛሬ «አራዳ ነው» ስንል አድራሻ አንናገርም፤ ነቄ፣ ፈጣን፣ አነጋገር የሚያውቅ ሰው ማለታችን ነው። የደጃች ውቤ ሰፈርም ውሎ አድሮ ውቤ በረሃ ተብሎ የሌሊት ሕይወት መጠሪያ ሆነ። ቦታ ቋንቋን ይወልዳል፤ ቋንቋውም ተመልሶ ሰውን ይወልዳል። በኩዊንስብሪጅ የሆነው ይኸው ነው። ኩዊንስብሪጅን ለመረዳት የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በመርካቶ ቢጀምር ከርእሱ ወጣ አይባልም።

ፉከራና ሙሾ

በልጅነቴ በመንዝ ሠርግ ላይ የሰማሁት ፉከራ እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አንድ ሰው ከተቀመጠበት ብድግ ይላል፤ ዱላውን ይሰብቃል፤ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ ምን እንዳደረገ፣ ማንን እንደማይፈራ በአንድ ትንፋሽ ያወርደዋል። ታዳሚው ይቀበለዋል። ራስን መሰየም የፉከራ መጀመሪያ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ራፐርም እናቱ ያወጣችለትን ስም ትቶ በመድረክ ስም ይነሣል፤ ሰፈሩን ይጠራል፤ ባላንጣውን ይዘልፋል፤ ጓዶቹ ይቀበሉታል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ራፕ የተጀመረው ከእኛ ነው» የሚል አባባል አልፎ አልፎ እሰማለሁ። አልቀበለውም። ሂፕ ሆፕ የራሱ ታሪክ አለው፤ ልደቱ ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 በብሮንክስ፣ ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ ሙዚቃ ካጫወተበት ግብዣ ጀምሮ ነው። የተመሳሰሉ ነገሮች ሁሉ አይዛመዱም። ንጽጽር የሚጠቅመው ልዩነቱንም ሲያሳየን ነው።

ልዩነቱ እነሆ። ፎካሪ የሚናገረው ስለ ድል ነው፤ በአለቃው ፊት ቆሞ ሹመትና ሽልማት ይጠብቃል። «ገዳይ» በፉከራ ቋንቋ ምስጋና ነው። «ኢልማቲክ» በላዩ ሲሰማ ፉከራ ይመስላል፤ «እኔን የሚተካከል የለም» የሚል ድምፅ አለው። ውስጡ ሲመረመር ግን ወደ እንጉርጉሮና ወደ ሙሾ ያደላል። ሙታን በስማቸው ይጠራሉ፤ እስረኞች ሰላምታ ይላክላቸዋል፤ ተራኪው በጎበዝነቱ ውስጥ ፍርሃቱን አይደብቅም። እንዲህ ከሆነ ሰሙ ፉከራ ነው፤ ወርቁ ለቅሶ ነው። ይህ የእኔ ንባብ ነው፤ የሚሞግተኝ ተማሪ ቢመጣ ደስ ይለኛል።

የዚህን ልዩነት ክብደት ለመረዳት ከዚሁ ደጋ አንድ ነገር ላንሣ። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር በመንዝ፣ ዘረት በሚገኘው አመጸኛ ዋሻ ተጠልለው በነበሩ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የመርዝ ጋዝ ተጠቅሞ ፈጅቷቸዋል፤ ሴቶችና ሕፃናት ይገኙባቸዋል። በዚያ ዘመን የነበሩት አርበኞች ፉከራና ቀረርቶ እስከ ዛሬ በየሠርጉ ይሰማል። ነገር ግን ፉከራ በባሕርዩ የጀግናውን ስም እንጂ በዋሻ ጥግ የቀረውን ሕፃን ስም ለመጥራት አልተሠራም። ለዚያ የሚሆነው ሙሾ ነበር፤ ሙሾ ደግሞ ከአልቃሽዋ ጋር ይሞታል። አንድ ሕዝብ ድሉን ብቻ የሚዘክርበት ቅርጽ ይዞ ከቀረ ግማሽ ታሪኩን ያጣል። ያ የሃያ ዓመት ልጅ ሁለቱን ቅርጾች በአንድ አፍ አዋሕዶ መያዙ ትልቁ ሥራው ይመስለኛል።

ሦስት መቃወሚያዎች

ይህን ሐሳብ ለባልደረቦቼ ባነሣሁ ጊዜ ሦስት መቃወሚያዎች ቀረቡልኝ። ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

የመጀመሪያው «ይህ ዓመፅን ያወድሳል፤ ሴቶችን ያዋርዳል» የሚል ነው። በከፊል እውነት ነው፤ «ኢልማቲክ» ውስጥም ሴቶች ራሳቸውን ችለው የሚናገሩበት ቦታ የለም፤ የሚጠሩባቸው ቃላትም ጥሩ አይደሉም። ይህ መተቸት አለበት። ነገር ግን «ገዳይ» ብሎ የሚያወድሰውን ፉከራ ቅርስ ብለን በመዝገብ ስናኖር ማንም አልተቃወመንም። መሰብሰብና ማጥናት ማጽደቅ አይደለም። ሚዛናችን ለአያቶቻችን አንድ፣ ለልጆቻችን ሌላ ከሆነ የምንመዝነው ሥነ ምግባርን ሳይሆን ዕድሜን ነው።

ሁለተኛው «ባዕድ ነው» የሚል ነው። ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር በመንዝ ገበሬዎች መካከል ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» ብሎ የሰየመውን መጽሐፍ አሳተመ። ከቅኔያችን ተነሥቶ ኅብረተሰባችንን ሊያነብ ሞከረ። አንዳንዱን መደምደሚያውን ብንሞግተውም ለሚያዳምጠው ነገር የሰጠውን ክብር አንክድም። አሜሪካዊው የመንዝን ቃል ለመስማት ከመጣ፣ መንዜው የአሜሪካን ሰፈር ቃል ቢሰማ ምን ነውር አለው? በዚያ ላይ መንገዱ አንድ አቅጣጫ ብቻ አይደለም። ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 ባወጡት የጋራ አልበም የመክፈቻውን ዘፈን የሠሩት በሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ላይ ነው። የኩዊንስብሪጁ ልጅ የእኛን ትዝታ ሰምቷል። ከሎስ አንጀለስ ክሬንሾ ሰፈር የወጣው፣ በ2018 «ቪክትሪ ላፕ» የተባለውን አልበም ያወጣውና በዓመቱ በገዛ ሱቁ ደጃፍ የተገደለው ኒፕሲ ኸስል ደግሞ ኤርትራዊ አባት የወለደው ኤርምያስ አስገዶም ነበር። ስሙ በዚሁ በእኛ ፊደል ይጻፋል። በሲያትል ያደገው ገብርኤል ቴዎድሮስም አለ። «ባዕድ» የምንለው መስመር የት ላይ እንደሚሰመር እኔ እንጃ።

ሦስተኛው «ሥነ ጽሑፍ አይደለም» የሚለው የእኔው የራሴ መቃወሚያ ነው። ይህን ስናገር ከኋላዬ የአባቴ ድምፅ ነበር። በልጅነቴ አዝማሪ መጥቶ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ ተከትዬ ብጠፋ «አዝማሪ ልትሆን ነው?» ተብዬ ተገርፌአለሁ። የአዝማሪን ግጥም እየወደድን አዝማሪውን እንንቅ ነበር። ዛሬ የአዝማሪን ግጥም በክፍል ውስጥ እናስተምራለን፤ ንቀቱን ግን ወደ ራፐሩ አዛወርነው። ኬንድሪክ ላማር በ2018 የፑሊትዘርን የሙዚቃ ሽልማት ሲያገኝ ብዙ ሰው የተገረመው በዚሁ የተነሣ ነው።

አማርኛው ምን ይላል?

ለቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ከዚህ ርእስ የሚገኝ ልዩ ትርፍ አለ። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር በግሥ ይደመደማል። ስለዚህ ጀማሪ ገጣሚ ቤት የሚመታው በግሥ ምዕላድ ነው፤ «እሄዳለሁ» ካለ «እመጣለሁ» ብሎ ይገጥማል። ይህ ቀላልና ርካሽ ነው። ጎበዝ ገጣሚ የቃላቱን ተራ ገልብጦ ስምን ወደ መጨረሻ ያመጣዋል፤ አለዚያም ቤት መምቻውን ከስንኙ መካከል ያስገባዋል። በ«ኢልማቲክ» ውስጥ ቃላት በስንኝ መጨረሻ ብቻ አይገናኙም፤ በስንኙ ሆድ ውስጥ እየተጠላለፉ ይሄዳሉ። በአማርኛ ራፕ የሚሠሩ ልጆች ይህን ችግር በየዕለቱ እየፈቱት ነው። ቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» ባለው ሥራው የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር ሲያዋሕድ፣ ልጅ ሚካኤልም በአማርኛ ሲያወርደው፣ ቋንቋው ከምቱ ጋር እንዴት እንደሚታረቅ የሚያሳዩ ማስረጃዎች ናቸው።

ሌላው መጥበቅና መላላት ነው። «አለ» ላልቶ ሲነበብ ተናገረ፣ ጠብቆ ሲነበብ ኖረ ወይም ተገኘ ይሆናል። «ገና» እና «ዋና» የሚሉትንም እንዲሁ ጠብቀውና ላልተው አንብቧቸው። ፊደላችን ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ሁለቱን ትርጉም ለአንባቢ ይተዋል። ቅኔ በዚህ ይጫወታል። ራፐር ግን የሚናገረው በአፉ ነው፤ መምረጥ ወይም ሆን ብሎ መሐል ላይ መንሳፈፍ አለበት። ስለዚህ ይህን ጥበብ በጽሑፍ ብቻ ማጥናት አይቻልም፤ በድምፅ መጠናት አለበት። ለሥነ ቃል ጥናታችን ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ስንት ፉከራና ስንት ሙሾ በወረቀት ገልብጠን ድምፁን ጥለን ይሆን?

ማጠቃለያ

ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። ለትምህርት ክፍላችን ባልደረቦች ሦስት ነገሮችን በአክብሮት አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ተማሪ ስለ ራፕ፣ ስለ ሰፈር ቋንቋ ወይም ስለ መንገድ ላይ ግጥም የጥናት ዕቅድ ሲያመጣ በርእሱ ሳይሆን በጥያቄው ጥራት እንመዝነው። ጥያቄው ደካማ ከሆነ እንመልሰው፤ እንደ እኔ ሳናነብ አንመልሰው። ሁለተኛ፣ ለመስክ ጥናት ወደ መንዝ፣ ወደ ግሼና ወደ መርሐቤቴ የሚወጡ ተማሪዎች ከሽማግሌዎች ፉከራና ከእናቶች ሙሾ ጋር የወጣቶቹንም ግጥም ይቅዱ፤ በመሐል ሜዳም በዓለም ከተማም በስልኩ ላይ ግጥም የሚያወርድ ልጅ አይጠፋም። ሦስተኛ፣ ከአገር ቤት ወጥተው በከተማ የሰፈሩትን ሰዎች ደብዳቤዎች እንሰብስብ። በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ጣራ ሳያፈስባቸው ይድረሱልን።

ለእናንተ ለተማሪዎች የምለው አንድ ነገር ነው። ሰፈራችሁን ማጥናት ሰፈራችሁን ማሞገስ አይደለም። «ኢልማቲክ»ን ትልቅ ያደረገው ደራሲው ሰፈሩን መውደዱ ብቻ አይደለም፤ የወደደውን ሳይዋሽለት መናገሩ ነው። እንደ እናቴ «ደኅና ነኝ» ከሚለው ቃል በታች ያለውን አድምጡ፤ እርሱንም ጻፉ።

ያ ተማሪ ዛሬ በዚህ አዳራሽ የለም። አሁን በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ባለፈው ወር ደውዬለት ይቅርታ ጠየቅሁት። ስቆ «መምህር፣ እኮ ዕቅዱ አሁንም አለኝ» አለኝ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሲያመለክት ይዞት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። እስከ መጨረሻው ገጽ እንደማነበው በእናንተ ፊት ቃል እገባለሁ።